የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በዓሉ ግርማን በማኅበር ማጥናት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አሥራ አራት ሆነን የበዓሉ ግርማን ሥራዎች የምናጠና ማኅበር አቋቁመናል። የጀመርነው በ«ኦሮማይ» ነው። ሦስት ጊዜ ተገናኝተን ሦስቱንም ያሳለፍነው ደራሲው ምን ደረሰበት በሚለው ክርክር ነው። መጽሐፉን እንዴት እንመለስበት? (ከሄርማታ)

መልስ፦ «ኦሮማይ»ን ለጊዜው አስቀምጡት። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ መቅረቱን ያልሰማ ስለሌለ፣ መጽሐፉን ያልገለጠው ሰው ካነበበው እኩል ይናገራል። ያነበበው ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ይቀራል። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ በጠብ የሚፈርሰው ጥቂት ነው።

በ«የህሊና ደወል» (1966) እና በ«ሀዲስ» (1975) ጀምሩ። ሁለተኛው የመጀመሪያው እንደገና መጻፍ ነው፤ መምህሩ ሀዲስ ሣህሌ ኢሉባቦር ውስጥ ያለችው ሱጴ ሲደርስ የሚሆነውን ደራሲው ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ለጅማ ሰው ደግሞ ኢሉባቦር ጎረቤት ነው፤ የአገሩን ልማድና የኦሮምኛውን ቃል የሚያውቅ አባል ከመካከላችሁ አይጠፋም።

ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ፤ ሰባት ጥንድ ትሆናላችሁ። ለአንድ ስብሰባ አንድ ጥንድ ብቻ ይመደብ፤ ከ«ሀዲስ» ከ20 እስከ 25 ገጽ ወስዶ ከ«የህሊና ደወል» አቻውን ይፈልግ። በሉክ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምር፦ የቀረ፣ የተጨመረ፣ ቃሉ የተለወጠ። ሌላው አባል ያንኑ ክፍል አንብቦ ይመጣል። ስብሰባው ሲከፈት ጥንዱ ለሩብ ሰዓት ያህል ያገኘውን ያቀርባል፤ አስተያየቱን ግን በኋላ ይናገር፤ አስቀድሞ ከፈረደ ሌላው ወይ ይስማማል ወይ ይቃወማል እንጂ ገጹን አይመለከትም። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ለውጥ ለድርሰቱ ሲባል ነው ወይስ ዘመኑ ያስገደደው? በሁለቱ መጻሕፍት መካከል አብዮቱ አለ። ሁሉንም ለውጥ ለአብዮቱ መስጠት ግን ስንፍና ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተለወጠው ደራሲው ስለበሰለ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የገጽ ቁጥር ያጣላችኋል። የተለያየ ዘመን እትም ስለምትይዙ አንዱ 112 ሲል ሌላው 97 ላይ ያገኘዋል። ምዕራፉንና የአንቀጹን የመጀመሪያ ሦስት ቃላት ጥቀሱ። ቃለ ጉባኤውም እንዲሁ ይያዝ።

«ኦሮማይ»ን ከዚህ በኋላ ስትከፍቱት ጋዜጠኛውን ፀጋዬ ኃይለማርያምን ተከተሉ፤ ታሪኩ በእርሱ አንደበት ስለሚነገር የማያየውንና የሚያልፈውን መዝግቡ። ለደራሲው ዕጣ አንድ ስብሰባ መድቡለት፤ መጨረሻ ላይ።

ጥያቄ፦ «የህሊና ደወል» አንድ ቅጂ ብቻ አግኝተናል። ፎቶ ኮፒ አድርገን ብናካፍለውስ?

መልስ፦ ሙሉውን አታባዙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከ1976 እንኳ ብትቆጥሩ ገና አላለቀም፤ መብቱ የወራሾቹ ነው። ምንጭና የደራሲውን ስም ጠቅሶ አጭር ክፍል መጥቀስ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ለየስብሰባው የምትከራከሩበትን አንቀጽ በእጅ ገልብጡ። የቀረውን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ በየአሥር ደቂቃው አንባቢ ይለወጥ፤ ድምፅ ሲደክም የሚዘለለው ምልልሱ ነው፤ የእዚህ ደራሲ ጉልበት ደግሞ ምልልሱ ላይ ነው። ቅጂው በአንድ ሰው ስም ይመዝገብ፤ «የሁላችን» የተባለ መጽሐፍ በሁለት ወር ውስጥ የት እንደገባ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከጥቅምት በኋላ አባላት ይጠፉብናል።

መልስ፦ ቡና ለቀማ ነው፤ አትቆጧቸው። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኙ፤ አጭር ልቦለድ ወይም አንድ ምዕራፍ ይበቃል። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሰብሰቡ፤ የጅማ ዝናብ ሲወርድ አንባቢው ራሱን እንኳ አይሰማም። ኮርኒስ ያለው ክፍል ፈልጉ፤ ካልተገኘ ጠዋት ተገናኙ።