የጸሐፊና የሰዓሊ የጋራ መጽሐፍ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? ከሰዓሊዎች ጋር ሆኜ በእጅ የሚጠረዙ፣ በትንሽ ቅጂ የሚወጡ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሥዕል ካለበት ተራ መጽሐፍ በምን ይለያል?

ከተራው መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ብታወጡት ታሪኩ ያው ይነበባል። እዚህ ግን እጥፋቱም፣ ወረቀቱም፣ የፊደሉ መጠንም የሥራው አካል ነው። በ1913 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፓሪስ ውስጥ ገጣሚው ብሌዝ ሳንድራርና ሰዓሊዋ ሶኒያ ደሎኔ አንድ የባቡር ጉዞ ግጥም በሚተጣጠፍ መጽሐፍ መልክ አብረው ሠሩ። ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። በግራ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ በቀኝ ግጥሙ በተለያየ የፊደል ዓይነት ታትሟል፣ ታች ላይ ደግሞ ቀይ የኤፍል ማማ ቆሟል። ያሰቡት 150 ቅጂ ነበር፤ ሁሉም ቢቀጣጠል 300 ሜትር፣ ማለትም የማማውን ቁመት እንዲያክል! ግን ቀለሙ በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ገጽ በኩል) በእጅ የሚቀባ ስለሆነ 150ው ሳይሞላ ቀረ። አይገርምም።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ሰንሰልን አታውቁትም እንዴ? እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ብራና ነው፣ ሥዕል ይበዛበታል። መታጠፍን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ ይቅደም ወይስ ሥዕሉ?

ከሁለቱም በፊት ዱሚ፣ ማለትም የመጽሐፉን የሙከራ ናሙና ሥሩ። ተራ ወረቀት አጥፋችሁ፣ የቱ ገጽ ላይ ቃል፣ የቱ ላይ ባዶ እንደሚሆን በእርሳስ አስቀምጡ። እዚያው ላይ የምትጠቀሙበትን ወረቀትም ፈትኑ፤ ወፍራም ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ሲያጥፉት እሺ ይላል፣ በሌላው ግን ይሰነጠቃል፣ ቀለም ካረፈበት በኋላ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ችግር መደጋገም ነው። ጸሐፊው «ዝናብ» ስላለ ሰዓሊው ዝናብ ከሳለ አለቀ፣ አንዱ ትርፍ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ጸሐፊውን ነው መስመር የማስቆርጠው (ይኮርፋሉ፣ በኋላ ይረሱታል)።

ጥያቄ፦ ሦስት ሰዓሊና አንድ ጸሐፊ ነን። መብቱ የማን ነው?

በጋራ የተሠራ ሥራ የሁላችሁም ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ከሠሪዎቹ የመጨረሻው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ጓደኛሞች ብትሆኑም ግን ተፈራረሙ፦ ዋናው ሥዕል ማን ጋ ይቀመጣል? አንዱ ገጹን ፖስተር አድርጎ ልሽጥ ቢልስ? ሽያጩ እንዴት ይከፈላል? ገንዘብ ከመጣ በኋላ ይሄን ማውራት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ስንት ቅጂ እናውጣ?

በእጅ ከሆነ 20 ይበቃል። እያንዳንዱን ቁጥር ስጡት፣ 3/20 (ከ20ው ሦስተኛው) እያላችሁ፣ ሁላችሁም በእርሳስ ፈርሙ። ሁለት ሦስት ትርፍ ወረቀትም ያዙ፣ ጥረዛ ላይ የሚበላሽ አይጠፋም።