ሴዳር ዝግባ አይደለም

ቤትና እንጨት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ኪቶ አካባቢ ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው ያለው። ከቤቱ ጀርባ በሴዳር እንጨት ዴክ፣ ማለትም ጣሪያ የሌለው የእንጨት በረንዳ ሠርቶ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝና በጣም ወደድኩት። እኔም ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት አራት በሦስት ሜትር የሆነ የእንጨት በረንዳ ላሠራ ነው። ሴዳር ማለት ዝግባ ነው ስላሉኝ የዝግባ ጣውላ የሚሸጥ ሰው አግኝቼ ቀብድ ልከፍል ነው። አናጺው ምሰሶውን መሬት ውስጥ እንቀብረዋለን፣ የተቃጠለ ዘይትም እንቀባዋለን ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ካልቆፈራችሁ መሬቱ ወደ ላይ ይገፋዋል ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀብዱን አትክፈዪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ሴዳርና ዝግባ አንድ አይደሉም። ስህተቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፣ የቆየ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «የሊባኖስ ዝግባ» የሚባለው የሊባኖሱ ሴዳር ነው። እኛ ጫካ ውስጥ ያለው ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው፣ ስም ነው የሚጋሩት። ወንድምሽ የሠራበት ደግሞ የሊባኖሱም አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ለዴክ በብዛት የሚሸጠው ዌስተርን ሬድ ሴዳር የሚሉት፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሦስት ዛፍ፣ አንድ ስም።

ስለ ስም ይሄን ያህል የማወራው ብርሽ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ያ ሴዳር ዝናብና በረዶ የሚችለው ልቡ ውስጥ፣ ማለትም በግንዱ መሃል ባለው ክፍል፣ መበስበስን የሚከላከል ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዝግባ ይሄ የለውም። ለቤት ውስጥ ሸጋ እንጨት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሲላግ የማያስቸግር፣ ለቁም ሣጥን የሚሆን። ውጭ ዝናብ ላይ ሲወጣ ግን ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወደዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለእናቴ ቤት የዝግባ ደረጃ ሠርቼ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ላዩ ቀለሙን እንኳ ሳይለቅ፣ ከሥር በኩል ስነካው ጣቴ ገባ። ውሃ እንደነካው ዳቦ ሆኗል። እናቴ በዚያ ደረጃ ላይ የቡና ረከቦት ይዛ ትወጣ ትወርድ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያስደነግጠኛል።

ከእኛ ዛፎች በጠባዩ ለወንድምሽ ሴዳር የሚቀርበው የሐበሻ ጥድ ነው። ፈረንጆቹም የአፍሪካ የእርሳስ ሴዳር ይሉታል፣ እርሳስ ይሠራበት ስለነበር። ሲላግ የሚሸተው ልክ እርሳስ ስትቀርጪ የሚሸተውን ነው። ቀዩን ልቡን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ግን ይበላል፤ የአሜሪካውም ሴዳር እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጣውላ ስትመርጪ ጫፉን እያገላበጥሽ እዪ። ግማሹ ነጭ ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ስም ቢሰጠው ለውጭ አይሆንም።

ታዲያ የሐበሻ ጥድ ግዢ ልልሽ ነው? አይደለም። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ተተክቷል። ያገኘሽው የዝግባ ሻጭ ከየት እንዳመጣው የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ጥለሽው ሂጂ። ይሄን የምለው ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም። አንድ ጥድ ለጣውላ እስኪደርስ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ለበረንዳ ወለል ሲቆረጥ ማየት ያመዋል።

እኔ ብሆን ተተክሎ ያደገ የፈረንጅ ጥድ እገዛለሁ። ነጋዴው ሁለቱንም «ጥድ» ብቻ ስለሚላቸው የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። የፈረንጁ የሐበሻውን ያህል ምስጥና እርጥበት አይችልም፣ ይሄን እያወቅሽ ነው የምትገዢው። የጎደለውን በአሠራር እንሞላለን።

ዋናው አሠራር ጣሪያ ነው። ወንድምሽ አገር ሰው ዴክ የሚሠራው ከረጅም የብርድ ወቅት በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ ስለሆነ ላዩ ክፍት ቢሆን ያስኬዳል። ጅማ ግን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፣ ያውም ወራት ሙሉ እየተመላለሰ፣ ጣውላው ደረቀ ስትዪ እንደገና እየራሰ። ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዪው። በረንዳዎቹ እንጨት ናቸው፣ ግን ከሰፊ ጣሪያ ሥር ነው የተሸሸጉት። የዚያን ዘመን አናጺዎች የአገሩን ዝናብ ያውቁ ነበር። አንቺም ቆርቆሮሽን ከወለሉ ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አሳልፊው፣ አሸንዳም አስገጥሚለት።

ወደ ቁፋሮው እንምጣ። ወንድምሽ ልክ ነው፣ ለአገሩ። እዚያ በብርዱ ወቅት በአፈር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን ደግሞ ያብጣል፣ ሲያብጥ ምሰሶውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ መሠረቱ ቅዝቃዜው ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ ሚኒያፖሊስ ላይ 107 ሴንቲ ሜትር ነው። ጅማ መሬቱ በረዶ ስለማይሠራ ያ ልክ አንቺን አያስገድድሽም። ግን ኪቶ ነው ያልሽኝ፣ ረግረጉ አጠገብ። ግቢሽ ጥቁር ዋልካ ከሆነ እሱም ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ክረምት አልፎ በሩ አልዘጋ የሚል ቤት አይተሽ ታውቂ የለ? እሱ ነው። ዋልካውን አልፎ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ይቆፈር። ቀይ አፈር ከሆነ ሥራው ቀላል ነው።

አናጺሽን እዚህ ላይ አትስሚው። ምሰሶ መሬት ውስጥ አይቀበርም። እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው አፈሩ ላይ፣ ልክ ከመሬት በሚወጣበት ወገቡ ላይ ነው፤ እርጥበትም አየርም እዚያ ይገናኛሉ። ምስጡም መንገድ አገኘ ማለት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ኮንክሪት ይሞላ፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል፣ ሳይደርቅ በያጅ የሠራው የብረት መያዣ ይተከልበት፣ ምሰሶው እዚያ ላይ በብሎን ይታሰር። ከሥሩ ሣርና አፈር አይነካውም። ወለሉና የቤቱ ግድግዳ መካከልም ሁለት ጣት ክፍተት ተዪ፣ በተለይ ቤትሽ ጭቃ ከሆነ።

ጣውላው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ተሸካሚዎቹ በየ40 ሴንቲ ሜትር ይደርደሩ። በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል። በጣውላና በጣውላ መሃል የ10 ቁጥር ምስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው፣ ውሃው እንዲወርድ። ይሄ ግን ለደረቀ እንጨት ነው። እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይሸሽና ክፍተቱ የልጅ ጣት ያስገባል። ስለዚህ አሁኑኑ ግዢው፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እየጣልሽ፣ ጣሪያ ሥር ደርድሪው። በጋውን ሙሉ ይቀመጥ። አናጺው ይቸኩላል፣ አንቺ አትቸኩዪ።

የተቃጠለ ዘይት አይሆንም። ከሞተር የወጣ፣ የብረት ብናኝና መርዝ ያለበት ነገር ነው፤ ልጆች በባዶ እግር የሚሄዱበት ወለል ላይ አይቀባም። ቫርኒሽም ውጭ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይላጣል። ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቢ፣ ጫፎቹን ደጋግሚ፣ ውሃ በብዛት የሚገባው በጫፍ ነውና። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንዴ ማደስ ነው። አደራ፣ ዘይቱን የቀባሽበትን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ ላይ አትጣዪው። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ የተከማቸ ከሆነ ራሱን አቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ደጅ ዘርግተሽ አድርቂው።

ጥያቄ፦ እኔ የእንጨት በረንዳ አለኝ። የግቢዬን ቡና እሱ ላይ ዘርግቼ ባደርቀው ችግር አለው? ምድጃስ ላስቀምጥበት?

መልስ፦ ቡናውን ባትዘረጋው ይሻላል። ቡና ሽታ ይስባል። ዘይት የተቀባ ጣውላ ላይ የሰነበተ ቡና ያንን ሽታ ይዞ ስኒ ድረስ ይመጣል። ከሥሩም አየር ስለማያገኝ ይታፈናል። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የወንፊት ሽቦ አልጋ ሥራለት፣ ጠዋት ማታ አገላብጠው፣ ዝናብ ሲመጣ ሸፍነው። ይሄን ከእኔ ይልቅ የጅማ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል።

ምድጃውን አስቀምጥ፣ ያለ ቡና በረንዳ ምን ሊረባ። ከሥሩ ግን ሰፋ ያለ የድንጋይ ወይም የሸክላ ንጣፍ አድርግ። ቆርቆሮ ብቻውን አይበቃም፣ ሙቀቱን ወደ እንጨቱ ያሳልፈዋል። ከሰሉን በእፍኝ ስትጨምር የሚፈናጠረው ፍም በጣውላው ክፍተት ሾልኮ ሥር ያለ ደረቅ ቅጠል ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሥሩን ጠርገው፣ ማታም የምድጃውን ፍም አጥፍተህ ግባ።

ጥያቄ፦ በረንዳዬን የተሸከመው ኮንክሪት ላይ እርሳስ የሚያክል የጭቃ መስመር ወደ ላይ ወጥቷል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ምስጥ ነው። ከብርሃን ተሸሽጎ ወደ እንጨቱ የሚወጣበት መንገዱ ነው። መሃሉን በእንጨት ስበሩትና ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ እዩት። ከደፈነው አሁንም እየሠራ ነው። ጣውላውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ተበልቷልና ይቀየር። ከበረንዳው ሥር ማገዶ ካከማቻችሁ ዛሬውኑ አውጡት።