ውሌ «ሰኔ 30 ያበቃል» ይላል፤ አምስት ዓመት አስተምሬ ባዶ እጄን ልሂድ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30 የሚል ውል እንፈርማለን። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም፤ ጳጉሜ ላይ ግን ለዝግጅት ያለ ክፍያ እንጠራለን። ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ «ውልሽ አልቋል፣ ለከርሞ አንቀጥልም» አሉኝ። ደመወዜ 9,000 ብር ነው። ክሊራንስ (ንብረት አስረክቤያለሁ፣ ጥያቄም የለኝም የሚል ወረቀት) ካልፈረምሽ የሥራ ልምድሽን አንሰጥም እያሉኝ ነው። ውሉን ፈርሜያለሁና ዝም ልበል?

መልስ፦ መምህርት፣ ዝም አይበሉ፤ ክሊራንሱንም ለጊዜው አይፈርሙ። በየሰኔው ተመሳሳይ ውል የያዙ መምህራን ቢሮዬ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ «ቀኑን አይቼ ነው የፈረምኩት» ብለው ተስፋ ቆርጠው ነው የሚመጡት።

የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መምህር ቢሆኑ ኖሮ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነበር የሚታየው፤ መንገዱ ሌላ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 9 መነሻውን ያስቀምጣል፤ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ ሲተካ፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ። እርስዎ የማንም ምትክ አልነበሩም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀን መጻፉ ብቻውን ውሉን ጊዜያዊ አያደርገውም፤ የሚታየው የሥራው ጠባይ ነው።

ትምህርት ቤቱ የሚይዘውን መከራከሪያ ከወዲሁ ልንገርዎት። አንቀጽ 10 በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ብቻ እየተሠራ በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራንም ይጠቅሳል። «ክረምት ላይ ተማሪ የለም፣ ስለዚህ ማስተማር ወቅታዊ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፣ እንደሚያሸንፉም ቃል አልገባልዎትም። እኔ ግን አልቀበለውም። ቡና የሚለቅም ሰው ቡናው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ትምህርት ቤት ግን ያለ መምህር ትምህርት ቤት አይባልም፤ ሰኔ ላይ የሚያርፈው ተማሪው ነው። እርስዎ አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሒሳብ አስተምረዋል፤ ጳጉሜ ላይም ዓመታዊ ዕቅድ ሊያዘጋጁ ተጠርተዋል። ያ የጳጉሜ ጥሪ ትልቁ ማስረጃዎ ነው፤ ውሉ አልቆ ከነበረ በምን ሥልጣን ጠሯችሁ? በቴሌግራም የመጣውን የስብሰባ መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ። በየመስከረሙ አዲስ የሙከራ ጊዜ ጽፈውብዎት ከሆነም እሱ ዋጋ የለውም፤ ያው አሠሪ ለያው ሥራ መልሶ የቀጠረውን ሠራተኛ ለሙከራ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ 6 ወር አለው። ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ይወጣሉ፤ «ሲከፈት እሄዳለሁ» ያለ መምህር ጥቅምት ላይ ሲመጣ ሦስቱ ወር አልፎ ያገኘዋል። ጳጉሜም እንደማንኛውም ቀን ትቆጠራለች። ስለዚህ ሐምሌ ሳያልቅ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስዎን ያስገቡ። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ያለፉት ክረምቶች ደመወዝ ግን አዝናለሁ፣ በአብዛኛው አልፏል። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል፤ የአምናው ነሐሴ የካቲት ላይ አብቅቷል።

ችሎቱ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነበር፣ መቋረጡም ሕገወጥ ነው ካለ፣ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ማዘዝና እስከ 6 ወር ውዝፍ ደመወዝ መወሰን ይችላል። ካልተመለሱ ገንዘቡን እናስላው። የቀን ደመወዝዎ 300 ብር ነው። ካሳው ይህ የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ 54,000 ይሆናል። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገሉ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው የ2 ወር ደመወዝ ነው፣ 18,000። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ የዚያው አንድ ሦስተኛ (10 ቀን) ጭማሪ፣ በድምሩ የ70 ቀን ደመወዝ፣ 21,000 ብር። ተደምሮ 93,000 ብር ነው። አምስት ዓመት ጠመኔ ለያዘ ሰው ይህ ምጽዋት አይደለም።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ከክሊራንስ ጋር የሚለዋወጡት ዕቃ አይደለም፤ ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በጽሑፍ ይጠይቁና ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። የትምህርት ቤቱን መጻሕፍትና ቁልፍ መመለስ ተገቢ ነው፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለውን መስመር ግን ይተዉት። ተገድደው ፈርመው ከሆነም አይደንግጡ፣ ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት ቢተው ሕጋዊ ውጤት የለውም።

ሲመጡ አምስቱንም ውሎች፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የክፍል ድልድልዎንና የጡረታ መዋጮዎን የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ይያዙ። ከእርስዎ 7 በመቶ ተቆርጦ ትምህርት ቤቱ 11 በመቶ ሳይጨምርበት ቀርቶ ከሆነ እሱን ለብቻው እናነሳዋለን። አብረውዎት የተሰናበቱ ባልደረቦች ካሉም ይጥሯቸው፤ ቀኑ ለእነሱም እየቆጠረ ነው።