ወገባችሁ ቀጭ ሲል ዝም አትበሉ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ? ዕድሜዬን በፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ልጅ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጫኝ ነበር። 50 ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ ወደ መኪናው ሲወጣ ወገቡ ቀጭ አለ። ጆንያውን አውርዶ ግድግዳውን ተደገፈ። ላቡን ጠረገና ሌላ አነሳ። ለአለቃው ትንፍሽ አላለም። «ሰነፍ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ ኋላ። ማታ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሸ። በ3ኛው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃተው።

ወንድሙ ደግፎ ቢሮዬ አመጣው። የአደጋ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ስሙ የለም። ያየ ሰውም አልተገኘም። ወጌሻ ደግሞ ያሻል እንጂ የሕክምና ማስረጃ አይሰጥም።

በሥራ ላይ ጉዳትና በተራ ሕመም መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ መሥራት ያልቻለ ሰው ለ3 ወር ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጥሎ ለ3 ወር ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወር ከግማሽ ያላነሰ ይከፈለዋል። ተራ ሕመም ከሆነ ግን ሙሉው ለ1 ወር ብቻ ነው፤ ለ2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። ያ ልጅ ማስረጃ ስላልነበረው በተራ ሕመም ተመዘገበ። በ2ኛው ወር ግማሽ ደመወዙን ሲቀበል እጁ ላይ ያለውን ብር ደጋግሞ ቆጠረው። የቤት ኪራዩን እያሰበ ነበር።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ሲቀጠር ውል አስፈርሜዋለሁ፤ ስለ መዝገቡ ግን አንድ ቃል አልነገርኩትም።

ስለዚህ ስትጎዱ እዚያው ለአለቃችሁ ንገሩ። ሲመዘገብ በዓይናችሁ እዩ። ወጌሻው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» በሉ። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ቤት ሆናችሁ ከታመማችሁም ቢዘገይ በማግስቱ አሳውቁ፤ ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል። ስልክ መደወል ካቃታችሁ ጓደኛ ላኩ።

አደራ፣ ሳይታመሙ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ይቅር። አንዱ ሲያጭበረብር በእውነት የታመመው ይጠረጠራል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ነገ ሥራ ስትገቡ የአደጋ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሞላው ጠይቁ። አዲስ የገባ ልጅ አጠገባችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ።