ሦስት ሳምንት ፎቶኮፒ ሳነሣ ከረምኩ

ጥያቄ፦ የቢዝነስ ማኔጅመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለ10 ሳምንት የተግባር ልምምድ አንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ተመድቤአለሁ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ፎቶኮፒ ከማንሣትና ፋይል ከማደራጀት ሌላ የሠራሁት የለም። ሥራ ስጡኝ ስል «እሺ፣ እናያለን» ይሉኛል። ድርጅት ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ። አዲስ ቦታ ፈልገው፣ የትብብር ደብዳቤ አጽፈው፣ የክፍሉን አሠራር እስኪለምዱ ከቀሩት ሰባት ሳምንታት ሁለት ሦስቱ ያልቃሉ። ደግሞ ሰዎቹ ንቀውዎት ላይሆን ይችላል። ተማሪ ማሠራት ጊዜ ይወስዳል፤ ስሕተት ቢፈጠር የሚጠየቀውም ሠራተኛው ነው። «ሥራ ስጡኝ» ሲሉት የሚሆን ሥራ የመፈለጉንም ጣጣ ለእሱ እየተዉለት ነው። ስለዚህ ሥራውን ራስዎ መርጠው ይጠይቁ።

እኛ የምንመርጠው የተዘጋን ወር (ሂሳቡ ተሠርቶ ያለቀለትን) የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው፤ ይኸውም የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማግኘት ነው። ወሩ ስለተዘጋ ቢሳሳቱም የሚበላሽ ነገር የለም፤ ትክክለኛው መልስም ፋይሉ ውስጥ አለ። የባንኩን መግለጫና የድርጅቱን የባንክ መዝገብ ይዘው፣ የተሠራውን ሳያዩ ራስዎ ያስታርቁ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ተጽፈው ለባንክ ካልቀረቡ ቼኮች፣ ገቢ ተደርገው መግለጫው ላይ ገና ካልታዩ ገንዘቦች፣ ወይም ባንኩ ቆርጦት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ የአገልግሎት ክፍያ ነው። እነዚህን ጨርሰው የቀረው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ቦታ የተቀያየሩ አኀዞች ይፈልጉ፤ 540 በ450 ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ 90 ነው። ይህን አንዴ በትክክል ሠርተው ካሳዩ የያዝነውን ወር እንዲያግዙ መጠየቅ ይቀላል።

ጥያቄዎን በግማሽ ገጽ ይጻፉት፦ የትኛውን ወር፣ የትኞቹን መዝገቦች፣ ስንት ቀን፣ ማን እንደሚያይልዎ። ወር በሚዘጋበት ሳምንት ግን አይሂዱ፤ ማንም አይሰማዎትም። ሁለቴ ጠይቀው ካልተሳካ፣ አምስተኛው ሳምንት ሳያልቅ በየቀኑ የሠሩትን የጻፉበትን መዝገብ ይዘው ለአማካሪ መምህርዎ ያሳውቁ። በስምንተኛው ሳምንት የሚነገረው መምህር ከማዘን ሌላ የሚያደርገው ብዙም የለውም።

ብዙ የልምምድ ሪፖርት የሚሰናከለው በመረጃ እጦት ነው። ተማሪው ልምምዱን ጨርሶ ሲወጣ ፋይሉን የሚያይበት ፈቃድም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ምን ይዘው መውጣት እንደሚችሉ ቀደም ብለው በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ የደንበኞችን ስም «ደንበኛ ሀ»፣ «ደንበኛ ለ» እያሉ ይተኩ። የምስክርነት ደብዳቤም እዚያው እያሉ ይጠይቁ፤ የሠሩትን በአራት መስመር ጽፈው ከሰጧቸው «ትጉህ ተማሪ ነበር» ከሚል ባዶ ወረቀት ይድናሉ።

ጥያቄ፦ የማውቀው ሰው የለኝም። የልምምድ ማመልከቻ ለማን ልጻፍ?

መልስ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» አይበሉ። ሊሠሩበት ለሚፈልጉት ክፍል ኃላፊ ይጻፉ፤ ለሰው ኃይል ክፍል ግልባጭ ያድርጉ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የሚጀምሩበትና የሚጨርሱበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኙ፣ ዩኒቨርሲቲው ከድርጅቱ የሚጠብቀው ግምገማ ይኑርበት። ልምምዱ ከመጀመሩ ሦስት ወር አስቀድመው ይላኩ፤ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ አንዴ ይደውሉ። ክፍል ውስጥ ንግግር ሊያደርግ የመጣ የድርጅት ኃላፊ ካለ ደግሞ በማግስቱ ይጻፉለት፤ ከተናገረው አንዱን ነጥብ አንሥተው ይጠይቁት እንጂ በመጀመሪያው ደብዳቤ ሲቪ አያያይዙ።