ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ለምታኝከው ልጅሽ

እህቴ፣ «የ9 ዓመት ልጄ ከአፏ ማስቲካ አይጠፋም፤ ጥርሷን ይጎዳል ወይስ ያጸዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ ከእኔ የበለጠ ማስቲካ ያኘከ ሰው አታገኚም።

ደሴ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዝርዝር ሲጠፋ መልስ የምሰጠው ማስቲካ ነበር። ለደንበኛ አንድ ስሰጥ አንድ ለራሴ እልጣለሁ። ጣዕሙ ወዲያው ነው የሚያልቀው፤ ያንን ተፍቼ ሌላ እጎርሳለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት እያኘክሁ ቀጭ አለብኝ። ጠጠር መሰለኝ። አውጥቼ መዳፌ ላይ ዘርጋ ሳደርገው፣ ያስሞላሁት የመንጋጋዬ ሙሌት ማስቲካው ላይ ተለጥፏል! ምላሴን ስሰድ ጉድጓድ።

የጥርስ ሐኪሟ አይታ «ሙሌቱ የለቀቀው ዙሪያው ስለተበላ ነው፤ ማስቲካው የላላውን ነው የሳበው» አለችኝ። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስኳር ሲያገኝ አሲድ ይሠራል፤ አሲዱ የጥርስን ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ግን ፋታ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ አዲስ ስኳር እልክበት ነበር።

ስኳር የሌለው ማስቲካ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ዛይሊቶል የሚባለውን በስኳር ፋንታ የሚገባ ማጣፈጫ ባክቴሪያው አሲድ ሊያደርገው አይችልም፤ ማኘኩም ምራቅ ያበዛል። ከምግብ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ብታኝክ ይጠቅማታል። ማሸጊያው ላይ «ሹገር ፍሪ» የሚለውን እያየሽ ግዢ። ሲበዛ ግን ተቅማጥ ያመጣል። ጆሮዋ ሥር ካመማት ወይም መንጋጋዋ ቋ ቋ ካለ ይቅርባት።

ማስቲካ በጥርስ መሀል የገባውን ምግብ አያወጣውም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። አፏን አስከፍተሽ የኋላ መንጋጋዎቿን በባትሪ እዪ። 6 ዓመት አካባቢ የበቀሉት ቋሚ ናቸው። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት «ይወልቅ የለ!» ብሎ ይተዋቸዋል። ጥቁር ነጥብ ካየሽ ሳያማት ውሰጃት። እኔ እስኪያመኝ እየጠበቅሁ ነው ሁለት ያስነቀልሁት።

እኔማ አሁን ለልጆች ማስቲካ በመልስ አልሰጥም። ደብተር ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ወላሂ፣ አንድም ልጅ ሳንቲሙን ረስቶ አያውቅም።