«የትኛው መንግሥት?» ብለው ይጠይቁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው ስለሚያፈስ አመለከትኩ። «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ሲፈቅድ ይጠገናል» አሉኝ። ይህን ያለኝ ሰውዬ ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ማታ ደግሞ ዜናው «መንግሥት አስታወቀ» ይላል። ለመሆኑ መንግሥት ማን ነው?
(የልጆች እናት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ እዚሁ ጎንደር ሥነ ዜጋ ሳስተምር ተማሪዎቼን ይህንኑ እጠይቃቸው ነበር። አብዛኞቹ የመሪውን ስም ይጠሩልኛል። አልፈርድባቸውም። የፋሲልን ግቢ እያየ ያደገ ልጅ መንግሥትና ንጉሥ አንድ ቢመስሉት ምን ይገርማል? ቃሉም «ነገሠ» ከሚለው የወጣ ነው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ሹመቱም፣ ግብሩም፣ የመጨረሻው ፍርድም ከንጉሡ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለ!

አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ንጉሡ በ1967 ወረዱ፣ ደርግ በ1983 ወደቀ። ሰው «መንግሥት ተለወጠ» አለ። የተለወጡት ገዢዎቹና ሥርዓቱ ናቸው። አገሪቱ የፈረመችው ውልና የተበደረችው ብድር ግን ከእነሱ ጋር አብሮ አልሄደም። ሰዎቹ ቢሄዱም የማይሄደው ይህ አካል መንግሥት ይባላል። በምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ የሚያደራጀው አስፈጻሚም መንግሥት ይባላል። ዜናው ብዙ ጊዜ የሚለው ይህንን ነው። ክልሉም፣ ከተማ አስተዳደሩም፣ ቀበሌውም በሰው አፍ ያው «መንግሥት» ናቸው።

ወደ ቤትዎ ልምጣ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ በላይ የሚከራዩትን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዛቸው። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ነው» ማለታቸው እውነት ነው። ግን የእርስዎን ጣሪያ አዲስ አበባ ያለ ሚኒስትር አይፈቅድም። ጉዳዩ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚያልቅ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሹም በዚህ ቃል ሲከለል ነው። «መንግሥት» ብዕር አይዝም፤ የሚፈርመው ሰው ነው። ስለዚህ «የትኛው መንግሥት? የትኛው ቢሮ? ማን ነው የሚወስነው?» ብለው ይጠይቁ። ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይስጥዎት። መልሱንም በፊርማና በማኅተም ይጠይቁ። ቀበሌው እምቢ ካለ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይሂዱ። ደግሞ መንግሥት ይከሰሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ከመንግሥት ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል።

ክረምቱ ሳይገባ ያመልክቱ። ኮፒውን እቤትዎ ማስቀመጥ አይርሱ።